አጭሩና ረጅሙ ፉጨት

እኔ ትርንጎ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ከሚስቁት ነኝ እንጂ ከሚያወሩት አይደለሁም፣ ይኼን አስቀድማችሁ ያዙልኝ። እዚህ ረሖቮት ከተማ፣ ክርያት ሞሼ በሚባለው ሠፈራችን፣ ከሕንጻችን በታች ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ከሰዓት በኋላ የምንሰበሰብ ሴቶች አለን፣ አንዷ የሞተ ባሏ በሕልሟ መጥቶ የቤቱን ቁልፍ የት እንዳስቀመጠ ነገራት፣ ሌላዋ ደግሞ ማንኪያዋ ጠረጴዛ ላይ ብቻውን ተንቀሳቀሰ፣ ሲሉ እኔ ነኝ "ርቦት ይሆናላ" የምላቸው። ደግሞም አስቡት እስኪ፣ እኛን የኦሪት ሰዎቹን እኮ አገር ቤት ቡዳ ናቸው፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናሉ ሲሉን ነው የኖሩት፣ ጅብ መሆን ብችል ኖሮ አንዱን ልጅ አዝዬ አንዱን አስከትዬ ከደንቢያ ተነሥቼ ያን ሁሉ መንገድ በዚህ እግሬ እለፋ ነበር? በአራት እግሬ ሮጬ ሁሉንም ቀድሜ አልገባም? እና የማላምን ሰው ነኝ፣ ግን ያን ሰንበት የሆነው ነገር ሆኗል፣ ጆሮዬ ደህና ነው፣ ዓይኔም ደህና ነው፣ ከጥርሴ በቀር ሁሉም ነገሬ ደህና ነው።

ጥርሴ ጋ እመጣለሁ፣ አትቸኩሉ፣ በዚህ ወሬ ውስጥ ጥርሴ ትልቅ ሥራ ሠርቷል።

መጀመሪያ ስለ ፈረሶቹ ልንገራችሁ። አባቴ ዋሴ ቀጥቃጭ ነበር፣ ልጓምና እርካብ ይሠራል፣ የዚያ አገር ሰው ፈረሱን የሚለጉመው እሱ በሠራው ብረት ነው። አንድ ቀን አንድ ባላባት አንዲት አንካሳ ባዝራ እየጎተተ መጣ፣ ሴቷን ፈረስ ባዝራ ነው የምንላት፣ እዚያው ግንድ ላይ አሰራትና ልጓሙ ሲያልቅ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ፣ በዚያው ቀረ፣ እሷን ሊጥላት እንደመጣ የገባን በኋላ ነው። አባቴ እግሯን በሞቀ ውሃ እያሸ፣ ቅጠል እያሰረ አዳናት፣ ለካስ እርጉዝ ናት፣ ወለደች፣ ያ ውርንጭላ ሲያድግ በዚያ ሜዳ ላይ የሚቀድመው ጠፋ። የቤታችን የፈረስ ነገር እንዲህ ነው የጀመረው፣ ሰው በጣላት አንካሳ። ከዚያ የእሷ ልጆች፣ የልጆቿ ልጆች እየተባለ፣ ጉግስ ለሚጫወቱት እሽቅድምድም ለሚወዱት ጌቶች ውርንጭላ አሳድገን የምንሸጥ እኛ ሆንን። ሊገዙ ሲመጡ ታዲያ ውርንጭላውን በጋቢያቸው ይሸፍኑታል፣ ለምን ብትሉ አባቴ እንዳያየው፣ በዓይኑ እንዳይበላው፣ ያሳደገው ሰውዬ እኮ ነው! አባቴ ፊታቸው ምንም አይልም፣ ዞር ሲሉ ግን "ከእናቱ ሆድ ሲወጣ በእጄ የተቀበልኩትን አሁን ሸፈኑብኝ" እያለ እስኪያስለው ይስቃል።

ሲስቅ ደግሞ የፊት ሁለት ጥርስ የለውም፣ አንዷ ባዝራ ናት ረግጣ ያወለቀችለት። ጥርሱን ወስዳ ግን ፉጨት ሰጠችው፣ በዚያ ክፍተት ሲያፏጭ የሚወጣው ድምፅ የወፍም አይደል የዋሽንትም አይደል፣ መጨረሻው ላይ እንደ ሸክላ ስንጥቅ ይላል። ሁለት ዓይነት ነው ፉጨቱ። አጭሩ ለወደቀ ፈረስ ነው፣ ተነሽ ማለት ነው። ረጅሙ ደግሞ ጀንበር ስትጠልቅ ነው፣ ከሜዳ ወደ ቤት መጥሪያ፣ ግቡ ማለት ነው። አጭሩን ሰምቶ ያልተነሣ፣ ረጅሙን ሰምቶ ያልገባ ፈረስ አላየሁም፣ የፈለገ ሩቅ ይሁን፣ የፈለገ የጣፈጠ ሣር ላይ ይሁን፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ይመጣል። ባሌ ባዬ፣ አፈሩ ይቅለለውና፣ ዕድሜ ልኩን ያችን ፉጨት ሊቀዳ ሞክሮ አልሆነለትም፣ ከንፈሩን እንደ ዶሮ ቂጥ አሹሎ ሲነፋ እኔ "ና ጥርስህን በድንጋይ ላውልቅልህና ይሳካልህ" እለዋለሁ፣ ይናደድብኛል፣ ደግ ሰው ነበር።

ወደዚህ ስንመጣ አባቴ አብሮን አልመጣም። ባዝራዎቹን ለሚያበላቸው ሰው ሳልሰጥ ንቅንቅ አልልም አለ፣ ለመንነው፣ አለቀስን፣ አልሆነም። መንገድ ድረስ ሸኘን፣ ያቺ ትልቋ ባዝራው ከኋላው እየተከተለችው ነው፣ ከአፏ ላይ ልጓሙን አወለቀና በነጠላዬ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

"ያዢልኝ፣ መጥቼ እወስደዋለሁ" አለኝ።

አልመጣም። እኛ እዚህ ከገባን በኋላ መሞቱን ሰማን፣ እዚያው ተቀበረ፣ ስለ ባዝራዎቹ የነገረን ሰው የለም።

እንግዲህ እዚህ ደግሞ ባዬ ሥራ ሲፈልግ፣ ከረሖቮት ወጣ ብሎ ባለ፣ ሞሻቭ በሚሉት የገበሬ መንደር ውስጥ ፈረስ የሚያረባ አንድ ሩማንያዊ ሽማግሌ ፋንድያ እንዲጠርግለት ቀጠረው። ቋንቋ አይግባቡም፣ አንዱ በሩማንያ ይሳደባል አንዱ በአማርኛ ይመልሳል፣ ግን ሁለቱም ፈረሱን ሲነኩት ፈረሱ ዝም ይላል፣ በዚያ ተዋደዱ። ሽማግሌው ሲደክም ልጆቹ ቴል አቪቭ ሆነው ፋንድያ አናሸትም አሉ፣ ግቢውን ለባዬ አከራየው፣ አንዲት ባዝራም ሸጠለት፣ ከእሷ ነው እንግዲህ እዚህ ያለው የእኛ የፈረስ ዘር የመጣው። በሰሜን በኩል ገሊላ ውስጥ በሚደረገው ውድድር የእኛ ፈረሶች ሮጠው ዋንጫ አምጥተዋል፣ እመኑኝ፣ ዋንጫዎቹ ቤቴ ናቸው፣ ትልቁ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት አስቀምጥበታለሁ። የአባቴን ልጓም ደግሞ ባዬ ጋጣው በር ላይ ሚስማር መትቶ ሰቀለው፣ በማንም አፍ አልገባም፣ አባቴ አደራ ያለውን ማን ይነካል።

ባዬ ሞተ። ልጃችን አስማረ ተረከበ፣ አባቱ ከሞተ በኋላ ግን ልቡ ተሰበረ መሰለኝ፣ ጋጣው ሲገባ ትከሻው ይወርዳል። በክረምቱ ደግሞ አንዷ ባዝራ ስትወልድ ከነውርንጭላዋ እጁ ላይ ሞተች፣ ከዚያ በኋላ ጨርሶ ጠፋብን። በቃኝ አለ። ሰሜን ካለ ሰውዬ ጋር ተነጋግሮ ፈረሶቹን በሙሉ ሊሰጥ ተስማማ፣ መውለድ የቀራት ቦራ ብቻ ነበረች፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት፣ እርጉዝ፣ ቀኗ የደረሰ። ልጁ ሺራ፣ የልጅ ልጄ ማለት ነው፣ ወታደርነቷን ከጨረሰች ጀምሮ ከፈረስ ሌላ ነገር አታውቅም፣ ይኼን ስትሰማ ሁለት ቀን አልበላችም። ለምና ለምና መጨረሻ ላይ ከአፉ አንድ ቃል አወጣች፣ ቦራ በሰላም ከወለደች እንቀጥላለን፣ አንድ ነገር ከሆነች ግን ሰውየው እሑድ መኪናውን ይዞ ይመጣል፣ ሁሉንም ጭኖ ይሄዳል፣ በሩም ይዘጋል። እንዲህ ብሎ ቤቱ ተቀመጠ፣ ቦራ ስትወልድ ማየት አልቻለም፣ ፈርቷል ልጄ፣ ፈሪ ስለሆነ አይደለም፣ የክረምቱ እጁ ላይ ስለቀረ ነው።

እና ዓርብ ፀሐይ ሳትገባ እኔና ሺራ የሰንበት ዳቦአችንን፣ ወጣችንን በድስት ይዘን ግቢው ውስጥ ካለችው ካራቫን ቤት ገባን። እኔ ለምን ሄድኩ ብትሉ፣ ልጅቷ ብቻዋን እንዳትሆን ነው፣ ደግሞ ቦራም ሴት ናት፣ አሮጊት አጠገቧ ብትኖር ምን ይላታል።

ሰንበት፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው የጀመረው። በር ላይ ተቀምጬ ፀሐይ እሞቃለሁ፣ ነፋስ የሚባል የለም፣ የብርቱካኑ ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም፣ ልጓሙ ቅጭል አለ። ቀና ብዬ አየሁት፣ ዝም ብሏል። ጎንበስ ስል ቅጭል። ልጓም ሲጎርስ ፈረስ ምላሱን እያንቀሳቀሰ የሚያሰማትን ድምፅ ታውቋት እንደሆነ፣ ያቺን ነው። አይጥ ናት አልኩ። "አንቺ፣ ሂጂና ሰው ቤት ብዪ" አልኳት አይጧን፣ ዝም አለች።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፈረሶቹ ድርቆሻቸውን ማላመጥ በአንድ ጊዜ አቆሙ። ይኼን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው፣ ጋጣ ውስጥ ሁልጊዜ የማላመጥ ድምፅ አለ፣ እንደ ዝናብ ነው፣ ሲቆም ነው ሲሰማ እንደነበር የምታውቁት። ሁሉም ጆሯቸውን አቁመው ወደ አንድ በኩል ዞረዋል፣ ከጋጣው ጀርባ ወዳለው የብርቱካን እርሻ በኩል፣ እዚያ ደግሞ አጥርና ቢጫ የሆነ ሣር እንጂ ምንም የለም። ትንሽ ቆይቶ ሽታ መጣ፣ የከሰልና የርጥብ ቆዳ። ወናፍ ሲነፋ የአባቴ ቤት የሚሸተው ሽታ ነው፣ ወዲያው አወቅኩት፣ ወዲያው ደግሞ ራሴን ሰደብኩ። ሺራን ጠራኋትና ይሸትሻል ወይ አልኳት፣ አዎ አለች፣ ጎረቤት ማንጋል፣ የከሰል ጥብስ ማለት ነው፣ እየጠበሱ ነው አለች፣ ሰንበት ቀን እሳት ማንደዳቸው አሳዘነኝ እንጂ ነገሩ ቀለለኝ። ሥጋው የማይሸት ማንጋል ግን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም ያን ጊዜ አላሰብኩትም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቦራ ምጥ ጀመራት። ላብ አጠመቃት፣ ተኛች፣ ተነሣች፣ ተኛች፣ ውሃዋ ፈሰሰ። ደስ ብሎን ጠበቅን፣ ፈረስ ስትወልድ ቶሎ ነው፣ እንደ እኛ ቀኑን ሙሉ አትጮህም። አንድ እግር ታየ። ሌላኛውን ጠበቅን፣ ሁለት የፊት እግርና አፍንጫ አብረው ነው መምጣት ያለባቸው፣ አንድ እግርና አፍንጫ ብቻ። የቀረው እግር ወደ ኋላ ታጥፏል ማለት ነው፣ የክረምቷንም እንዲሁ ነው ያደረጋት። ሺራ ፊቷ ነጣ፣ ስልኳን አወጣች፣ እኔን አየችኝ።

"ሳቭታ፣ ሰንበት ነው" አለችኝ፣ ሳቭታ አያቴ ማለት ነው፣ ስልክ ደግሞ በሰንበት አይነካም።

እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። "ግድግዳ ነው የማየው፣ ሌላ ያየሁት ነገር የለም" አልኳት።

የከብት ሐኪሙ ሌላ ሞሻቭ ነው፣ ሌላ ምጥ ላይ ነው፣ እየመጣሁ ነው አለ፣ እስክመጣ ግን እንዳትተኛ፣ አስነሡና አራምዷት፣ ስትቆም ውርንጭላው ወደ ውስጥ መለስ ይላል፣ እግሩም ሊፈታ ይችላል፣ ከተኛች ግን ሁለቱም ያልቃሉ አለ። ለአባቷም ደወለች፣ አስማረ ስልኩን አንሥቶ ሰማትና ዘጋው።

ቦራ ተኝታለች። ጎተትናት፣ ሺራ ከፊት በገመድ፣ እኔ ከኋላ በዚህ ጉልበቴ፣ ገፋናት፣ ለመንናት፣ ሰደብናት፣ ንቅንቅ አትልም። ዓይኗን አየሁት፣ ትታዋለች። ሰውም ፈረስም ነገሩን ሲተወው ዓይኑ ላይ ይታያል። ሺራ ገመዱን እንደያዘች ጭንቅላቷ አጠገብ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች፣ እሑድ ቀን የሚመጣው መኪና እኮ ነው የሚታያት።

ያን ጊዜ የአባቴ ፉጨት ትዝ አለኝ። እንግዲህ ጥርሴ ጋ መጣሁላችሁ፣ እኔ የፊት ጥርስ ካጣሁ ቆየሁ፣ ሄርዝል ጎዳና ላይ ያለው ሐኪም የውሸት ጥርስ ሠርቶልኛል፣ ያማረ ነው፣ ስስቅ የሃያ ዓመት ልጅ ነኝ። ምናልባት በዚያ ክፍተት ይወጣ ይሆናል አልኩና ጥርሴን አውልቄ ሺራ መዳፍ ላይ አኖርኩላት።

"ሳቭታ፣ ዲ፣ በቃ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"ያዢ፣ እንዳትጥዪው፣ ውድ ነው" አልኳት፣ ያለ ጥርስ ስናገር ምን እንደሚመስል እናንተው ገምቱት።

ነፋሁ። ምራቅ ወጣ። እንደገና ነፋሁ፣ የተበሳ የመኪና ጎማ ሆንኩ እንጂ ፉጨት የሚባል የለም። ልጅቷ በዚያ ሁሉ እንባ ውስጥ ሳቀች፣ ጥርሴን ኪሷ ከታ በእጇ ጀርባ አፍንጫዋን እየጠረገች ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ሞክሬ ትንፋሼ አለቀ፣ ተውኩት። አፌን ገጠምኩት። ይኼን ልብ በሉልኝ፣ አፌን ገጥሜዋለሁ፣ ሺራም እያየችኝ ነው።

ከጋጣው ጀርባ ተፏጨ።

አጭር ነው። መጨረሻው ላይ ስንጥቅ አለ።

ወዳጆቼ፣ ሰውነቴ ቀዘቀዘ ብላችሁ አትመኑኝ፣ አልቀዘቀዘም፣ እንዲያውም ሞቀኝ፣ ልጅ ሆኜ ከአባቴ ኋላ ቆሜ ሜዳውን ሳይ እንደሚሞቀኝ። የቦራ ጆሮ ቀጥ አለ። የፊት እግሯን ዘረጋች፣ አቃሰተች፣ ተነሣች። እኛ እኮ ገመዱን እንኳ አልሳብንም። ሺራ አፏን እንደከፈተች ቀርታለች፣ አራምጃት አልኳት፣ ምን ትቆሚያለሽ፣ ያላ፣ አራምጃት። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር አራመድናት፣ ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ሲገላበጥ ከውጭ ታየ፣ ጥግ ላይ ስትደርስ ራሷ ተኛች፣ ሁለቱም እግር፣ አፍንጫው፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ጭድ ላይ ፈሰሰ። ሴት ናት፣ ጥቁር፣ እርጥብ፣ ቁጡ። ስታስነጥስ ሺራ እሷን አቅፋ እኔ ሺራን አቅፌ ሦስታችንም አንድ ላይ ተለወስን።

ትንሽ ረጋ ስንል ሺራ ቀና አለችና "ሳቭታ፣ አንቺ ነሽ አይደል?" አለችኝ።

"ጥርሴን ስጪኝ" አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

ከኪሷ አውጥታ ሰጠችኝ፣ አጥቤ ከተትኩት። ከዚያ እሷ በስልኳ መብራት ከጋጣው ጀርባ ዞራ አየች፣ ጎበዝ ናት፣ እኔ አልሄድኩም። ማንም የለም አለች፣ አጥሩ ዝግ ነው፣ ደረቁ ሣር ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ አንድም የተረገጠ የለም፣ አቧራው ላይ የጫማም የኮቴም ዱካ የለም። ይሁን አልኩ። ቀጥሎ ያለው ብርቱካን ውስጥ የሚሠራው የታይላንድ ሰው ይሆናል አልኩ፣ በነጋታው ጠየቅነው፣ ሰንበትን ባሕሩ ዳርቻ ከጓደኞቹ ጋር ነው የዋለው፣ ፎቶውንም አሳየን፣ በፎቶው ላይ ጥርሱ ሙሉ ነው።

አስማረ ከዋክብት ከወጡ በኋላ ደረሰ፣ ሐኪሙም ከኋላው። ለካ ልጄ ስልኩን የዘጋው መኪና ውስጥ ሊገባ ነው፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ አልቅሶ እንደገና ተነሣ፣ ይኼን የነገረኝ ሌላ ጊዜ ነው። በር ላይ ሲደርስ ውርንጭላዋ በአራት እግሯ ቆማ እየተንገዳገደች ትጠባለች። አላለቀሰም፣ እጁን በሩ ላይ ደገፍ ሲያደርግ ልጓሙን ነካው፣ ነክቶ እጁን መለሰ። ልጓሙ ሚስማሩ ላይ ቀስ እያለ ይወዛወዛል። አወረደው። ብረቱ እርጥብ ነው፣ አረፋ አለበት፣ አረፋው ውስጥ የታኘከ ሣር አለ፣ አረንጓዴ ሣር። የእኛ ፈረሶች ድርቆሽ ነው የሚበሉት፣ በዚያ ሰሞን ደግሞ ሜዳው ሁሉ ቢጫ ነው፣ ልጓሙ ግን ሞቅ ብሏል፣ አሁን ከአፍ የወጣ ብረት እንደሚሞቀው፣ እኔም ነክቼዋለሁ።

"ማን ነው ያጎረሰው?" አለ አስማረ።

አስማረ ስንመጣ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር፣ አያቱን በደንብ ያውቀዋል። ልጓሙን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና አያቱ ያደርግ እንደነበረው አንዴ ትንፋሹን እፍ ብሎበት መልሶ ሰቀለው፣ ከዚያ ወጥቶ ለሰሜኑ ሰውዬ ደወለ፣ እሑድ እንዳትመጣ፣ ይቅርታ አለው፣ በሚቀጥለውም ሳምንት እንዳትመጣ አለው። ሺራ ውርንጭላዋን ሽሪካ አለቻት፣ በዕብራይስጥ ፉጨት ማለት ነው፣ አባቷ ለምን ብሎ አልጠየቃትም። ሽሪካ ጠጉሯ ሲደርቅ ዳማ ሆነች፣ የኋላ ግራ እግሯ ነጭ፣ አባቴ የሸኘን ቀን ከኋላው የተከተለችው ባዝራም እንዲሁ ነበረች፣ ግን እግሩ ነጭ የሆነ ፈረስ ብዙ ነው፣ ከዚህ በላይ አታስለፍልፉኝ።

ነገሩን ለአንድ ሰው ብቻ ነገርኩ። እኛ ሠፈር የሚኖሩ የኦሪት ቄስ አሉ፣ አርጅተዋል፣ የደንቢያ ሰው ናቸው፣ አባቴንም ያውቁታል። እስክጨርስ ሰሙኝ፣ ይስቁብኛል ብዬ ስጠብቅ አልሳቁም፣ በትራቸውን ወዲህ ወዲያ አደረጉና ጠየቁኝ።

"አጭሩ ነው ረጅሙ?"

"አጭሩ ነው አባ።"

"ተመስገን" አሉ፣ ስለ ሊፍቱ መበላሸት ማውራት ጀመሩ።

እኔ ደግሞ ዝም አልልም፣ ረጅሙ ቢሆንስ ኖሮ አልኳቸው። ትንሽ አዩኝ። "አንቺ ፈረስ ነሽ እንዴ እህቴ?" አሉኝ፣ ያን ጊዜ ሁለታችንም ሳቅን፣ ግን ቀድሜ የሳቅኩት እኔ ነኝ፣ እሳቸው እኔን ተከትለው ነው።

እንግዲህ ያለፈው ሰንበት። ቤቴ ነኝ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ፀሐይ እየገባች ነው፣ ልጆቹ ታች ኳሳቸውን ይዘው ገብተዋል፣ መንደሩ ጸጥ ብሏል። ድዴን አሞኝ ጥርሴን አውልቄ ብርጭቆ ውስጥ ከትቻለሁ፣ አልጋዬ ላይ ጋደም ብያለሁ። ከመስኮቱ ተፏጨ። ከታች አይደለም፣ ከታች ቢሆን የታች ድምፅ ነው የሚሆነው፣ ከመስኮቱ ነው፣ እዚያ ደግሞ ሰው የሚቆምበት ቦታ የለም፣ ርግብም አትቆምበትም።

ረጅም ነው። በጣም ረጅም፣ ሜዳ የሚያቋርጥ፣ መጨረሻው ላይ ስንጥቅ።

አልፈራሁም ብል ትስቁብኛላችሁ፣ ግን ፍርሃት አይደለም፣ የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። አፌ። አፌ ብቻውን ከፈት አለ፣ ትንፋሼ በራሱ ተሰበሰበ፣ በዚያ ባዶ ድዴ በኩል ሊወጣ ምላሴ ቦታውን ሲይዝ ተሰማኝ፣ ጋጣው ውስጥ ለምኜው እንቢ ያለኝ ትክክለኛው ቦታ፣ አሁን ቢነፋ እንደሚወጣ አውቄዋለሁ። በሁለት እጄ አፌን ያዝኩት። እስኪጨልም ያዝኩት።

ሰንበት እንደወጣች ሺራ ደወለች፣ ስለ ምንም ነገር አልነገርኳትም። ሳቭታ፣ አንድ የሚገርም ነገር ልንገርሽ አለች፣ ሽሪካ ሰንበት ሰንበት ሲመሽ ወደዚያ የጀርባ ግድግዳ ዞራ ጆሮዋን አቁማ ነበር የምትቆመው አይደል፣ ዛሬ ግን ፊቷን አዙራ ቆመች፣ ቦራም፣ ሁሉም፣ ወደ ከተማው በኩል ዞረው፣ ወደ እናንተ ወደ ክርያት ሞሼ በኩል። ቤሰደር፣ እሺ አልኳት፣ ደህና እደሪ አልኳት።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ረጅሙን የሚያፏጨው ገብስ አዘጋጅቶ ነው፣ የመጣ ፈረስ ተጎድቶ አያውቅም። አውቃለሁ። ግን ሽሪካን ገሊላ ወስደው ሲያስሮጧት ሳላይ እኔ ወዴትም አልገባም፣ ይኼን በመስኮቱ በኩል በአማርኛ ነግሬዋለሁ፣ በግልጽ፣ አፌን ሞልቼ። የሄርዝሉ ሐኪም ማታ ማታ ካላወለቅሽው ድድሽ ይቆስላል ብሎ ተቆጥቶኛል። እሱ ምን ያውቃል። ጥርሴን ከትቼ ነው የማድረው።